«እማዬ፣ ጥያቄ ልኬልሻለሁ»፦ ከፋሚሊ ሊንክ ጋር አንድ ዓመት ተኩል

«እማዬ፣ ጥያቄ ልኬልሻለሁ፤ አየሽው?»

ይህ ንግግር በቤታችን ከተለመደ አንድ ዓመት ተኩል ሆነው። ጠያቂዋ የ11 ዓመት ልጄ ናት። በስልኳ ላይ አዲስ መተግበሪያ ለመጫን ስትሞክር ስልኩ ወዲያው እሺ አይላትም፤ ጥያቄዋ ወደ እኔ ስልክ ይመጣል። የመተግበሪያውን ስምና ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሚፈቀድ አይቼ እፈቅዳለሁ ወይም እከለክላለሁ። ይህን የሚሠራው ፋሚሊ ሊንክ የተባለው የጉግል መተግበሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሲሆን ክፍያ የለውም። ብዙ ወላጆች የሚያውቁት እንደ ስልክ መቆለፊያ ነው፤ እኔም የጫንኩት ለመቆለፍ ብዬ ነበር። ዛሬ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ቁልፉ አይደለም፤ ያ ጥያቄ በእኔና በልጄ መካከል ያመጣው ነገር ነው።

የአምስተኛ ክፍል መምህርት ነኝ፤ የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍልም በእኔ ኃላፊነት ሥር ነው። ቀን የሰው ልጆችን፣ ማታ የራሴን ሁለት ልጆች ከኢንተርኔት ጋር ሳስታርቅ እውላለሁ ማለት ይቻላል። ስለዚህ የምጽፈው ከሁለቱም ወገን ያየሁትን ነው።

ከፋሚሊ ሊንክ በፊት ሌላ መተግበሪያ ሞክሬ ነበር። ስሙን አልጠራም። በየወሩ የሚከፈልበት ሲሆን ትልቁ መስህቡም ልጁ ሳያውቅ መልእክቶቹን ለወላጅ ማሳየቱ ነበር። ምልክቱ እንኳን በልጁ ስልክ ላይ አይታይም። ልጄ ስትተኛ ጫንኩት፤ ለሦስት ሳምንት ያህልም ከጓደኞቿ ጋር የምትጻጻፈውን ሁሉ እያነበብኩ ከረምኩ። አንድ ማታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስናወራ ሳላስበው «ከዚያች ልጅ ጋር ታረቃችሁ?» አልኳት። መጣላታቸውን ነግራኝ አታውቅም። ዝም ብላ ዐየችኝ፤ ከዚያ ራስጌዋ ያለውን ስልክ ዐየች። የዚያን ዕለት ሌላ ቃል አልተነፈሰችም። ከማግሥቱ ጀምሮ በስልኳ የምትጽፈው «እሺ» እና «ደህና እደሩ» ብቻ ሆነ፤ ዋናውን ጨዋታ በጓደኛዋ ስልክ መጻፍ እንደ ጀመረች የሰማሁት ኋላ ከራሷ ነው። እኔ ያጣሁት የመልእክቶቹን ንባብ ቢሆን ኖሮ ምንም አልነበረም። ማታ ማታ አልጋዋ ጫፍ ላይ የምትነግረኝን ነበር ያጣሁት። ለመመለስም ወራት ፈጅቷል።

ፋሚሊ ሊንክን ከዚያኛው የሚለየው ዋና ነገር አለመደበቁ ነው። የልጁ ስልክ አካውንቱ በወላጅ ክትትል ሥር መሆኑን በግልጽ ይናገራል፤ ወላጁ ምን ምን ማየትና መወሰን እንደሚችልም ልጁ ራሱ ገብቶ ማንበብ ይችላል። መልእክት አያስነብብም፤ የልጁን ስክሪንም ከሩቅ ሆኖ ለመመልከት አይሆንም። ይህን ጉድለት የሚሉት ወላጆች አጋጥመውኛል። ለእኔ የመረጥኩበት ምክንያት እርሱ ነው።

ስንጭነው አጠገቤ አስቀመጥኳት። የልጁ ስልክ አንድሮይድ መሆን አለበት፤ የወላጁ ግን አንድሮይድም አይፎንም ቢሆን ይሠራል። ልጁ የያዘው አይፎን ከሆነ ይህን ትታችሁ አፕል እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ያስገባውን ስክሪን ታይም ተጠቀሙ። ከሳምንቱ ለየትኛው ቀን ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድ ለየብቻ ይሞላል፤ ስልኩ ማታ የሚተኛበትና ጠዋት የሚነቃበት ሰዓትም አለ። ከገደብ ነፃ የሚሆኑ መተግበሪያዎችን መምረጥ ይቻላል፤ እኛ መዝገበ ቃላቱን ነፃ አደረግን። ሰዓቱ አልቆ ስልኩ ሲቆለፍ የሚደወልላትን ማንሳት ትችላለች፤ የአደጋ ጊዜ ጥሪም አይዘጋባትም። ይህን ሳላረጋግጥ ቁልፉን አልነካም ብዬ ነበር። በወላጁ ስልክ ላይ የሚታየው የመክፈቻ ኮድ በየጊዜው ስለሚለዋወጥም ልጁ አንድ ቀን አጮልቆ ቢያየው ለዘለቄታው አይጠቅመውም።

የመጀመሪያው ወር አልሠመረም፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር። በቀን 45 ደቂቃ ብዬ ደነገግኩ። አንድ ማታ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር የቡድን ሥራ እየጻፉ ሳለ ስልኩ ተቆለፈ፤ ዓረፍተ ነገሯን እንኳን አልጨረሰችም። እየሮጠች መጣች፤ ዓይኖቿ እንባ አቅርረዋል። «ሥዕል ስሥልም ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ስጽፍም ይቆጥራል፣ ቪዲዮ ሳይም ያው ነው» አለችኝ። ልክ ነበረች። የቀኑ ጠቅላላ ገደብ አንድን ሰዓት ከሌላው አይለይም። ከዚያ ወዲያ የጠቅላላውን ገደብ ሰፋ አደረግሁትና በየመተግበሪያው የሚደረገውን ገደብ መጠቀም ጀመርኩ፦ አጫጭር ቪዲዮ ለሚያጎርፈው 20 ደቂቃ፣ ለሥዕል መሣያው ምንም ገደብ የለም። ይህን ማስተካከያ ከመጀመሪያው ቀን ብትጠቀሙበት ከብዙ ጭቅጭቅ ትድናላችሁ። የተጨማሪ ሰዓት ቁልፍም አለ፤ ለዚያች ቀን ብቻ 15 ወይም 30 ደቂቃ ይጨምራል፣ የነገው ሥርዓት ግን አይነካም። ልጄ ይህን ስትጠይቅ ምክንያቷን ጨምራ ትናገራለች፤ ምክንያቷም ከቀን ወደ ቀን እየጠነከረ መጥቷል።

ታናሽ ወንድሟ 8 ዓመቱ ነው፤ የራሱ ስልክ የለውም። በታብሌቱ ላይ የሚያየው ዩቲዩብ ኪድስን ብቻ ሲሆን እዚያም እስከ 4፣ ከ5 እስከ 8፣ ከ9 እስከ 12 እየተባለ በዕድሜ የተከፈለ ምርጫ አለ። ወላጁ ራሱ የመረጣቸውን ቪዲዮዎችና ቻናሎች ብቻ እንዲያይ የማድረግ አማራጭም አለው፤ እኔ ለእርሱ የምጠቀመው ይህንን ነው። ትንሽ ጊዜ ይወስዳል፤ ቅዳሜ አንድ ሰዓት አብረን እየመረጥን እንሞላዋለን።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ።

ጥያቄ ሲመጣ እዚያው በስልኬ ላይ ፈቅጄ መገላገል እችላለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደዚያ አደርግ ነበር። ኋላ ግን አንድ ልማድ አመጣን፦ ጥያቄው ከተላከ በኋላ ልጄ መጥታ ሦስት ነገር ትነግረኛለች። እዚያ ውስጥ ከማላውቀው ሰው ጋር መነጋገር ይቻላል ወይ? ስለ እኔ ምን ይጠይቀኛል? ገንዘብ የሚጠየቅበት ቦታ አለ ወይ? መልሱን የምታጠናው እርሷ ናት። አንዳንዴ አጥንታ ስትጨርስ ራሷ «ተይው፣ አልፈልገውም» ትለኛለች። አንድ የፎቶ ማሳመሪያ ያለ ምንም ምክንያት ያለችበትን ቦታና የስልክ ቁጥሮቿን ዝርዝር ለማየት ፈቃድ እንደሚጠይቅ ያወቀችው እርሷ ናት፤ እኔ ብሆን አላስተዋልኩትም ነበር።

እዚህ ላይ ወላጆች ሁሉ እንዲያውቁት የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ፋሚሊ ሊንክ አንዴ ለተፈቀደ መተግበሪያ ማሻሻያ ሲመጣ እንደገና ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህ ስትፈቅዱት መነጋገሪያ ያልነበረው ጨዋታ ከስድስት ወር በኋላ መነጋገሪያ ሊኖረው ይችላል።

እኛ ላይ የደረሰውም ይህ ነው። ጨዋታውን አልጠቅሰውም። ስፈቅድላት ቤት እየሠሩ እንስሳት የሚያረቡበት የዋህ ጨዋታ ነበር። በአንድ ማሻሻያ የመነጋገሪያ ሳጥን ተጨመረበት፤ እኔም አላወቅሁም። አንድ የማታውቀው ተጫዋች ወዳጅ ሆነ። መጀመሪያ አጨዋወቷን አመሰገነ። ቀጥሎ የጨዋታውን ሳንቲም በስጦታ ሰጣት። ከዚያ «የኔም ዕድሜ 11 ነው» አላት። በአራተኛው ቀን የትምህርት ቤት ልብስ ለብሳ ፎቶ እንድትልክለት ጠየቃት፤ «ለማንም አትንገሪ» የሚልም አከለበት፤ ወደ ሌላ የመልእክት መተግበሪያ እንሂድ አላት። በዚህ ሁሉ ጊዜ በእኔ ስልክ ላይ የሚታየው ልጄ ያንን ጨዋታ በቀን 25 ደቂቃ ያህል መጫወቷ ብቻ ነበር። ጤናማ ቁጥር ነው። ፋሚሊ ሊንክ ለመቁጠርና ለማስፈቀድ የተሠራ እንጂ የልጅን ንግግር ለማዳመጥ የተሠራ አይደለም፤ ቁጥሩን አይቶ የልጁን ደኅንነት ማረጋገጥ አይቻልም።

ነገሩን ያወቅሁት እርሷ ነግራኝ ነው። ማታ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ። «እማዬ፣ የማላውቀው ሰው ጥያቄ ልኮልኛል» አለችኝ። ቃሉን ከራሳችን ልማድ እንደ ወሰደችው ገባኝና እጄ ተንቀጠቀጠ። ድምፄን አላነሳሁም። ስልኩንም አልቀማኋት፤ ብቀማት ኖሮ ለመናገሯ የተቀጣች ይመስላት ነበር። መጀመሪያ «ደግ አደረግሽ፣ ጥፋት የለብሽም» አልኳት። ቀጥለን ንግግሩን በሙሉ ከላይ እስከ ታች በስክሪን ፎቶ ያዝነው። የተጫዋቹን ስምና ቀኑን በወረቀት ጻፍን። ምንም መልስ አልሰጠችውም። ለጨዋታው አዘጋጆች አመለከትን፤ ከዚያ አገድነው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ብዙ ወላጅ ደንግጦ መጀመሪያ መተግበሪያውን ያጠፋል፤ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። በማግሥቱ ለትምህርት ቤቱም ለፖሊስም አሳወቅሁ፤ ያንኑ ጨዋታ የሚጫወቱ ሌሎች ሰባት ልጆች በእኔ ክፍል ብቻ ነበሩ።

ልጄ ምንም ፎቶ አልላከችም። የላከ ልጅ ያለው ወላጅ ይህን ካነበበ ግን ተስፋ እንዳይቆርጥ እፈልጋለሁ። የአሜሪካው የጠፉና የተበደሉ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል የሚያስተዳድረው ቴክ ኢት ዳውን የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ዕድሜው ከ18 በታች ሳለ የተነሣው የዕርቃን ፎቶ ወይም ቪዲዮ ያለው ሰው ምስሉን ለማንም ሳይልክ፣ ከራሱ ስልክ ላይ የምስሉን ዲጂታል አሻራ ብቻ እንዲያወጣ ያደርጋል፤ በአገልግሎቱ የተካተቱት ኩባንያዎች በዚያ አሻራ ምስሉን ፈልገው ያነሡታል። ስም መናገር አያስፈልግም። የሚያስፈራሩት ልጅ ዋናው ጭንቀት «ሁሉም ያየዋል» የሚለው ስለሆነ፣ ይህን ቀድሞ ማወቁ ብቻውን ትንፋሽ ይሰጠዋል።

ስለ ድረ ገጽ ማጣሪያው ባጭሩ ልናገር። ክሮም የተባለው የጉግል ማሰሻ (ድረ ገጽ መክፈቻ) በልጁ አካውንት ሲከፈት ለልጅ የማይሆኑ ገጾችን ለማገድ ይሞክራል፤ ለትናንሾቹ ደግሞ ወላጁ ያጸደቃቸውን ገጾች ብቻ መፍቀድ ይቻላል። የታዩትን ገጾች የማይመዘግበው ስውር መስኮትም ይዘጋል። በዚህ ላይ ዋይፋዩን ለቤቱ በሚያከፋፍለው ራውተር ላይ ክላውድፍሌር የተባለውን የኢንተርኔት ኩባንያ የቤተሰብ አገልግሎት ጨምሬበታለሁ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 የተጀመረ ነፃ አገልግሎት ነው፤ በራውተሩ ማስተካከያ ውስጥ የዲኤንኤስ ቁጥሩን ወደ 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 መቀየር ብቻ ነው የሚጠይቀው። ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻ ቁጥር የሚለውጥ አገልግሎት ነው፤ ይህኛው ለወሲብና ለተንኮል ገጾች አድራሻውን አይሰጥም። በቤቱ ዋይፋይ ላይ ያለውን መሣሪያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያዳርሳል። ስልኩ ወደ ሞባይል ዳታ ሲዞር ግን ከዚህ ጥላ ሥር ይወጣል።

ትምህርት ቤት ሌላ ዓለም ነው። ፋሚሊ ሊንክ የሚከተለው የልጁን አካውንትና ስልክ ነው እንጂ ልጁን አይደለም፤ የጋራ ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥ ከቤት ያመጣው ጥበቃ አብሮት አይገባም። እኔ በክፍሌ የምጠቀመው ኢንተርላንድ የተባለውን ጨዋታ ነው። ይህም ከጉግል የመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ በማሰሻ ላይ የሚከፈት ነፃ ጨዋታ ነው። አራት ዓለማት አሉት። በአንደኛው ልጁ የእውነትና የሐሰት ጥያቄዎችን እየመለሰ ወንዝ ይሻገራል። በሌላው ጨረርን በመስታወት እያንጸባረቀ መረጃውን ለማን እንደሚያካፍል ይመርጣል። በሦስተኛው የይለፍ ቃል እያጠነከረ ግንብ ይሠራል። በአራተኛው ደግሞ ተሳዳቢውን እያገደና እያመለከተ ላዘኑት ደግነትን ያካፍላል።

ልጆቹ ይወዱታል። ብቻቸውን ሲጫወቱ ግን ጥያቄውን ሳያነቡ እየገመቱ ይጫናሉ፤ ስለዚህ ሁለት ሁለት አድርጌ አስቀምጣቸዋለሁ። አንዱ መልሱን ከመጫኑ በፊት ለምን እንደመረጠው ለጎረቤቱ መናገር አለበት። ክፍሉ ይንጫጫል፤ እኔ የምፈልገው ጫጫታ ነው። ስለ ይለፍ ቃል ሲማሩ ከመዝሙርም ከስምም ያልተወሰዱ፣ እርስ በርስ የማይዛመዱ አራት ቃላትን ደርድረው ረጅም የይለፍ ቃል እንዲሠሩ አደርጋለሁ። በየክፍለ ጊዜው መጨረሻም እያንዳንዱን ኮምፒውተር እየዞርኩ አካውንቱን ሳይዘጋ የሄደ ልጅ እንዳለ አያለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ግማሾቹ ክፍት ነበሩ።

በዚህ ጨዋታ ላይ እያለን አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አውጥቶ የጠየቀኝን አልረሳውም። «መምህርት፣ ክፉውን ቃል የጻፈው ልጅ እኔ ከሆንኩስ?» አለኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ኢንተርላንድ ተጫዋቹን ሁልጊዜ ከደጎቹ ወገን ያቆመዋል፤ ስለዚህ የዚህ ጥያቄ መልስ የመምህር ድርሻ ነው። የቀረውን ክፍለ ጊዜ በሙሉ ለእርሱ ጥያቄ አዋልነው። ልጆቹ ራሳቸው ተከራክረው የደረሱበት ይህ ነበር፦ የጻፈው ያጠፋዋል፤ ግን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ያዩት አይተውታልና። ስድቡ የተጻፈው በቡድኑ ፊት ከሆነ ይቅርታውም በዚያው ቡድን ፊት ይጻፋል። የተሰደበው ልጅ ይቅርታውን የመቀበል ግዴታ የለበትም። ይህን በትልቅ ወረቀት ጽፈው የኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ለጠፉት፤ ሁሉም ፈረሙበት፤ እኔም ፈረምኩ። ጠያቂው ልጅ ከሁለት ቀን በኋላ ምን እንዳደረገ አውቃለሁ፤ የራሱ ነገር ስለሆነ አልጽፈውም።

ብዙ ወላጆች «እስከ ስንት ዓመቷ ነው?» ይሉኛል። 13 የሚለውን ቁጥር ሁሉም ሰምቶታል። ቁጥሩ በሰፊው የተለመደው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው ሕግ ነው፤ ሕጉ ከ13 ዓመት በታች ካለ ልጅ በኢንተርኔት ላይ መረጃ ለመሰብሰብ የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል። እንግዲህ ቁጥሩ ስለ መረጃ መሰብሰብ የተደነገገ እንጂ ልጅ የበሰለበትን ቀን የሚናገር አይደለም። ዕድሜውም እንደየአገሩ ይለያያል። እኔና ልጄ ያንን ቀን ቁጭ ብለን አንጠብቀውም፤ በየሦስት ወሩ አንድ ገደብ እናነሣለን። መጀመሪያ የቅዳሜው ተነሣ። ቀጥሎ የሥዕልና የሙዚቃ መተግበሪያዎች ሰዓት ለእርሷ ተተወ። የማታው መኝታ ሰዓት ግን ገና ነው፤ እርሷም ይህን አልተቃወመችም።

ፋሚሊ ሊንክን ለማን እመክራለሁ? በቀን ጥቂት ደቂቃ ሰጥቶ ከልጁ ጋር ለመነጋገር ለሚፈቅድ ወላጅ፣ ያለ ማመንታት። ጭኖት ለሚረሳው ግን ሰዓት ቆጣሪ ብቻ ይሆንበታል። ሲጫን ልጁ አጠገብ ይኑር። የተፈቀዱትን መተግበሪያዎች በወር አንድ ቀን እንደገና ከልጁ ጋር ክፈቷቸው፤ መነጋገሪያ ተጨምሮባቸው እንደሆነ እዩ። እኛ ይህን የምናደርገው የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ላይ ነው።

ትናንት ማታ አዲስ ጥያቄ መጣልኝ፤ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ነው። ልጄ በደብተሯ ላይ ሦስቱን መልሶች ጽፋ አመጣች። ከሁለቱ ጋር ችግር የለብኝም። በሦስተኛው ላይ «ቪዲዮውን ለሁሉም ማሳየት ይቻላል፤ ግን ይህን መዝጋት የሚቻል ይመስለኛል» ብላለች። «ይመስለኛል» የሚለውን ቃል በእርሳስ አሠመርኩበትና ደብተሩን መለስኩላት። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አብረን ከፍተን ልናየው ተቀጣጥረናል፤ ጥያቄው እስከዚያው በስልኬ ላይ እየጠበቀ ነው።